ያልተመለሰው መጽሐፍ፦ ኮድ አብሮ ስለመጻፍ የተማርነው



ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር አንዲት እህታችን ከጀማዓችን ቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን መጽሐፍ እንድትመልስ ሦስት ጊዜ ተጠየቀች። ሦስቱንም ጊዜ «መልሻለሁ» አለች። ኮምፒውተሩ ግን አልመለሰችም ይላል። ሦስተኛው ጊዜ ሌሎች ሰዎች ባሉበት ነበር። ምንም አልተናገረችም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን መጽሐፍ ልትዋስ አልመጣችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጽሐፉ ተገኘ፤ መደርደሪያው ላይ፣ በቦታው ተቀምጦ።

«ኮምፒውተሩ ነው ያለው» ማለት ይቀናናል። ኮምፒውተሩ ግን የሚለው እኛ በል ያልነውን ብቻ ነው። ያንን የውሰት መዝገብ የጻፍነው እኛ አራት የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት፣ አውፍም አለችን። ነገሩ ግን ከውስጣችን አልወጣም። አንድ ንጹሕ ሰው በእኛ ስንፍና ተጠርጥሯል። ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ቀየርን፤ የተማርነውንም በዚህ እትም ልናካፍላችሁ ወደድን። ጽሑፉ ኮድ ለማትጽፉም ጭምር ነው። በግሩፕ የሚሠራ ሥራ፣ የላብ ሪፖርትም ይሁን የመመረቂያ ጥናት፣ የሚበላሽበት መንገድ ተመሳሳይ ነውና።

ስህተቱ ምን ነበር?

መዝገባችን ተማሪን የሚለየው በስም ነበር። እህታችን መጽሐፉን ስትወስድ ተረኛ የነበረው ወንድም ስሟን የዐረብኛውን ድምፅ ጠብቆ በ«ሐ» ጻፈው። ስትመልስ የነበረው ተረኛ ደግሞ ሁላችንም በየቀኑ እንደምናደርገው በ«ሀ» ጻፈው። ሁለቱም አላጠፉም፤ በአማርኛ ንባብ ሁለቱ ፊደላት አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን አይደሉም። ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ፣ የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በገባበት፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። «ሀ» እና «ሐ» የተለያየ ቁጥር ስላላቸው፣ ኮምፒውተሩ ሲያነጻጽራቸው «በ» እና «ከ»ን የሚለያያቸውን ያህል ይለያያቸዋል።

የችግሩን ስፋት ለማየት «ዐብዱረሕማን» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል «ዐ»፣ «ዓ»፣ «አ» ወይም «ኣ» ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ይህ አራት ነው። መሐል ላይ ያለው «ሕ» ደግሞ «ህ» ወይም «ኅ» ሊሆን ይችላል። ይህ ሦስት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ፊደላት ብቻ አንድ ስም በ12 ዓይነት መንገድ ይጻፋል፤ ለፕሮግራሙም 12 የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛ ስህተትም ነበር። ፕሮግራሙ በ«ሀ» የተጻፈውን ስም ፈልጎ ሲያጣ «እንዲህ የሚባል ሰው አላገኘሁም» ብሎ ተረኛውን መጠየቅ ይገባው ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ አዲስ ሰው መዘገበ። ስለዚህ በመዝገባችን ውስጥ ሁለት እህቶች ተፈጠሩ፦ አንዷ ወስዳ ያልመለሰች፣ ሌላዋ ሳትወስድ የመለሰች።

ከሁለቱ የከፋው ሁለተኛው ነው እንላለን። የፊደሉ ነገር አለማወቅ ነው፤ አለማወቅ በመማር ይድናል። ያልገባውን ነገር እንደገባው አድርጎ የሚያልፍ ፕሮግራም ግን ስህተቱን ይደብቃል፣ የተደበቀው ስህተትም ቆይቶ ከሰው ላይ ይወድቃል። ጥሩ ኮድ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ይቆማል፣ ይናገራልም።

«እኔ ጋ እኮ ተስተካክሏል»

ይበልጥ ያሳፈረን ቀጥሎ ያወቅነው ነው። ከመካከላችን አንዱ ይህን ስህተት ከሁለት ወር በፊት አይቶት ነበር። አይቶም አርሞት ነበር፣ በራሱ ላፕቶፕ ላይ። የታረመውን ፎልደር በቴሌግራም ላከልን። በዚያው ምሽት ሌላኛችን «የመጨረሻ» የሚል ስም ከሰጠው ፎልደር ላይ ይሠራ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ «የመጨረሻ 2» የሚል ነበረው። በማግስቱ በፍላሽ ሰብስበን ስናዋህድ አሮጌው ፋይል በአዲሱ ላይ ተደረበ፣ እርማቱም ጠፋ። ማን እንደደረበው እስከ ዛሬ አናውቅም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ማፍሰሳችንን እንኳ አላወቅንም ነበር።

ለዚህ ችግር የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ጊት ይባላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 የጀመረው ሊኑክስን የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። የሊኑክስ ገንቢዎች እስከዚያ ይጠቀሙበት የነበረው መሣሪያ የነፃ አጠቃቀም ፈቃድ ሲነሣባቸው፣ በየአገሩ የተበተኑ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮድ ላይ ሳይጠፋፉ የሚሠሩበት ሌላ መንገድ አስፈለጋቸው።

ጊት በአጭሩ የኮድ የታሪክ መዝገብ ነው። አንድ ትንሽ ሥራ ሲያልቅ «ኮሚት» ይደረጋል። ያኔ የትኛው መስመር እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረው፣ መቼና ለምን እንደሆነ ይመዘገባል። ነገ ስህተት ቢገኝ ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። አንድ ሰው አዲስ ነገር መሞከር ሲፈልግ «ብራንች» ከፍቶ ለብቻው ይሠራል፤ የሌላውን ሥራ አይነካም። ሲጨርስ ሥራው ከዋናው ጋር «ሜርጅ» ይደረጋል። ሁለት ሰዎች አንድ መስመርን በተለያየ መንገድ ቀይረው ከተገኙ ጊት ገምቶ አይመርጥም፤ ቆሞ «የማንን ልውሰድ?» ይላል። የእኛ ፍላሽ ግን አንድም ቀን ጠይቆን አያውቅም።

ለእኛ አገር ሁኔታ የሚመች ሌላም ጠባይ አለው። ሙሉው ታሪክ የሚቀመጠው በእያንዳንዱ ሰው ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ ኮሚት ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራው ይቀጥላል፤ ሲመለስ ለሌሎቹ ይላካል። አንድ ላፕቶፕ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ፣ እስከ መጨረሻው መላላክ ድረስ ያለው ሥራ በሌሎቹ ላይ አለ። ብዙዎቻችን ጊትንና ጊትሃብን አንድ አድርገን እናያለን፤ ጊት መሣሪያው ነው፣ ጊትሃብ ደግሞ የጋራው ቅጂ ከሚቀመጥባቸው ቦታዎች አንዱ።

ስንጀምር የያዝናቸው ሦስት ልማዶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ኮሚት ትንሽ ይሁን፣ የሚይዘውም አንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን። የሳምንት ሥራ በአንድ ጊዜ ከገባ ስህተቱ የትኛው ላይ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ምክንያቱን ይናገር። «ማስተካከያ» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። «የመመለሻ ቅጽ፦ ስሙ ካልተገኘ አዲስ ሰው አይመዝግብ፣ ተረኛውን ይጠይቅ» ቢባል ግን ከስድስት ወር በኋላ የሚያነበው ሰው ይገባዋል። ሦስተኛ፣ የይለፍ ቃል በኮድ ውስጥ አይገባም። በስህተት ከገባ ቀጣዩ ኮሚት ላይ መሰረዝ አይበቃም፤ ታሪኩ ውስጥ ተቀምጧልና የይለፍ ቃሉ ራሱ መቀየር አለበት።

የሌላ ሰው ዓይን

መድረሳ ያደግን ይህን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ብቻውን የሐፈዘ ልጅ ስህተቱንም አብሮ ይሐፍዘዋል። ደጋግሞ በቀራው ቁጥር ስህተቱ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ለጆሮውም ትክክል ይመስለዋል። ኡስታዙ ፊት ወይም ከጓደኛው ጋር ሲቀራ ነው የሚያዘው። ሙራጀዓ ያስፈለገው ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው የራሱን ስህተት ለመስማት የተሠራ ጆሮ ስለሌለው ነው።

ኮድም እንደዚያው ነው። የጻፈው ሰው የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው። ይህን በሥርዓት ካጠኑት ሰዎች አንዱ የአይቢኤሙ ማይክል ፋጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኮድ ከመሞከሩ በፊት ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው መስመር በመስመር የሚያነቡበትን አሠራር በዝርዝር አቀረበ። ዛሬ አሠራሩ ቀሏል፤ «ኮድ ሪቪው» እንለዋለን። በእኛ ግሩፕ ሕጉ አንድ ነው፦ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ሳያነበው ምንም ኮድ ወደ ዋናው አይገባም። የግሩፑ መሪ የጻፈው ቢሆንም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከብዶን ነበር። ሁለት ሰዎች ተኳረፉ። በኋላ ግን አደቡን ተማርን። የሚነበበው ኮዱ እንጂ ሰውየው አይደለም። «ይህን ምን ብለህ ጻፍክ?» ከማለት «እዚህ ጋ ስሙ ባዶ ቢሆን ምን ይሆናል?» ማለት ይሻላል። ጥያቄው ስህተቱን ያወጣል፣ ወንድምህንም አያዋርድም። ለንባብ የሚሰጠውም በአንድ ቁጭታ ተነቦ የሚያልቅ ይሁን። 20 ገጽ የተሰጠው ሰው ተሰላችቶ «ጥሩ ነው» ይላል፤ አንድ ገጽ የተሰጠው ያነበዋል።

የዚህን ጥቅም ያሳየችን በዚህ ዓመት የተቀላቀለችን አንዲት የፍሬሽ ተማሪ ናት። እኛ የፊደሉን ችግር ለመፍታት ሁለት ሳምንት ለፍተን ነበር፦ ስም ሲፈለግ «ሐ»ን፣ «ኀ»ንና «ሀ»ን አንድ የሚያደርግ፣ «ዐ»ን ከ«አ»፣ «ሠ»ን ከ«ሰ»፣ «ፀ»ን ከ«ጸ» የሚያገናኝ ኮድ ጻፍን። በሥራችንም ደስ ብሎን ነበር። ለንባብ ስንሰጣት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «በዚህ ጀማዓ ስሙ ከነአባቱ ሙሐመድ አሕመድ የሆነ ስንት ሰው አለ?»

ዝም አልን። ፊደሉን ብናስተካክልም ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ስም ይዘው ሲመጡ መዝገባችን አንድ ያደርጋቸዋል። አንዱ የወሰደውን ሌላው ይጠየቅበታል። ጥያቄው ከመጀመሪያውም የፊደል አልነበረም። ስም መጠሪያ ነው፤ ሰውን ከሰው የሚለይ ቁጥር አይደለም። እያንዳንዳችን ደግሞ በኪሳችን የተማሪ መታወቂያ ይዘን እንዞራለን፣ ቁጥሩም አይደገምም። መዝገቡ አሁን በመታወቂያ ቁጥር ይሠራል። የፊደል ኮዳችንም አልተጣለም፤ ቁጥሩን የረሳ ሰው በስሙ ሲፈለግ ያገለግላል። ስሙ ግን ባለቤቱ በሚጽፍበት መንገድ ይቀመጣል፤ የሰውን ስም ለፍለጋ ይመቸን ብለን አንቀይርም።

አራት የምህንድስና ተማሪዎች በሁለት ሳምንት ያላየነውን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በአንድ ንባብ አየችው። ብልሃቱ ያለው አዲስ ዓይን ላይ ነው።

ኮዱንም እንፈትነው

ፈተና ለተማሪ ብቻ አይደለም። ኮድን የሚፈትን ኮድ ይጻፋል፤ «ቴስት» ይባላል። «ይህን ስሰጥህ ይህን መልስልኝ» የሚል አጭር ፕሮግራም ነው። አንድ ጊዜ ከተጻፈ፣ ኮዱ በተቀየረ ቁጥር ሁሉንም በጥቂት ሴኮንድ መልሶ ይፈትናል። በእጅ መሞከር ጥሩ ቢሆንም ሰው ይደክመዋል፣ ትናንት የሠራውን ዛሬ አይሞክረውም።

ቴስት የሚጻፈው ቀላሉን ለማረጋገጥ ብቻ ሳይሆን ጠርዙን ለመንካት ነው። የውሰት ጊዜያችን 14 ቀን ነው። ነሐሴ 28 የተወሰደ መጽሐፍ መቼ ይመለሳል? ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 7፣ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ግን መስከረም 6። የመጀመሪያው ኮዳችን ጳጉሜንን ጨርሶ ረስቷት ነበር። የስልክ ቁጥር መቀበያውም የሚያምነው በ09 የሚጀምረውን ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ይዞ ከገባ ወዲህ ግን ይህ የአንዳንዱን ተማሪ እውነተኛ ቁጥር «ስህተት ነው» ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ዛሬ እያንዳንዳቸው ቴስት አላቸው።

ትልልቆቹም በዚህ ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጉያና ተወነጨፈች፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ አቅጣጫዋን ስታ ራሷን አፈነዳች። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያዋ ሶፍትዌር ከቀድሞዋ ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። በዚያ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁጥር፣ ከ32,767 በላይ መያዝ ወደማይችል ትንሽ ቦታ ይገለበጥ ነበር። በአሪያን 4 ቁጥሩ ያን ያህል ስለማይደርስ ችግር አልነበረም። አሪያን 5 ግን የአግድም ፍጥነቷ ይበልጥ ነበር፤ ቁጥሩ ከቦታው ተረፈ፣ ኮምፒውተሩም ቆመ። ተጠባባቂው ኮምፒውተርም ያንኑ ኮድ ይዞ ስለነበር በዚያው ስህተት ቆመ። ኮዱ ለዓመታት «ሠርቷል»፤ በአዲሱ ሁኔታ ግን አልተፈተነም ነበር። ከሲኒየር የተቀበልነውን ፕሮጀክት «ባለፈው ዓመት ሠርቷል» ብለን ስንወስድ ይህን እናስታውስ።

እኛ የያዝነው ሕግ እንዲህ ነው፦ ስህተት ሲገኝ ወዲያው ወደ ማረሙ አንሮጥም። መጀመሪያ ስህተቱን የሚያሳይ ቴስት እንጽፋለን፤ ቴስቱ ሲወድቅ እናያለን። ከዚያ እናርማለን፤ ሲያልፍ እናያለን። ቴስቱ ስለሚቀር ያ ስህተት ተመልሶ ቢመጣ በር ላይ ይያዛል።

አሮጌው ላፕቶፕ

እርማቱ ተጻፈ፣ ተነበበ፣ ተፈተነ። ከሳምንት በኋላ ሌላ ወንድም ባልወሰደው መጽሐፍ ተጠየቀ። ምክንያቱ? ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ላፕቶፕ አለው፤ አዲሱን የጫንነው በአንዱ ላይ ብቻ ነበር።

በዚህም ብቻችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት በስምንት ሰርቨሮች ላይ አዲስ ኮድ መጫን ነበረበት። በሰባቱ ተጫነ፣ በአንዱ ተረሳ። በዚያ በተረሳው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ያልተሠራበት አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። አዲሱ ኮድ ያንን አሮጌ ኮድ ያስነሣ የነበረውን ምልክት ለሌላ ሥራ ተጠቅሞበት ስለነበር የተኛው ነቃ። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ድርጅቱ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ፣ ራሱን ችሎ መቆምም ተሳነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ወስደናል። የመጫን ሥራ በቃል አይያዝም፤ ደረጃ በደረጃ በወረቀት ይጻፋል፣ በተሠራ ቁጥርም ምልክት ይደረግበታል። ፕሮግራሙ የእትም ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ ሁለቱ ላፕቶፖች የተለያየ ቁጥር ካሳዩ ማንም ተረኛ በዓይኑ ያየዋል። የማንጠቀምበትን ኮድ ደግሞ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ብለን አናስቀምጥም፣ እንሰርዛለን። ቢያስፈልግ ጊት ያስታውሰዋል።

ሰው ስንጨምር ለምን ዘገየን?

ባለፈው ዓመት ሥራው ሲዘገይብን ሌሎች አራት ጓደኞች ጨምረን ስምንት ሆንን። ስምንት ሰው ከአራት ሰው እጥፍ ይሠራል ብለን ነበር። ይብሱን ዘገየን። አዲሶቹን ለማስረዳት አራታችን ሥራ አቆምን፤ አዲሶቹም ሳይገባቸው የሠሩትን ለማስተካከል መልሰን አቆምን።

የአይቢኤምን ኦኤስ 360 የተባለ ግዙፍ ሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ይህንኑ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጻፈ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር መነጋገር ካለበት፣ የሰዎቹ ቁጥር በራሱ ከአንድ ሲቀነስ በሚገኘው ተባዝቶ ለሁለት ይካፈላል። ለ4 ሰው 6 መገናኛ፣ ለ5 ሰው 10፣ ለ8 ሰው 28። ሰዎቹ በእጥፍ ሲያድጉ መነጋገሪያው ከአራት እጥፍ በላይ አደገ።

መፍትሔው ብቻን መሥራት አይደለም፤ ሥራን መከፋፈል ነው። አሁን ዶርም ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈናል፤ ሦስት ዓምድ አለው፦ «የሚሠራ»፣ «በእጅ ያለ»፣ «ያለቀ»። አንድ ሰው በእጁ ከአንድ ሥራ በላይ አይዝም። «ያለቀ» ማለት ደግሞ ተጽፏል ማለት ብቻ አይደለም፤ በሌላ ሰው ተነብቧል፣ ቴስቱ አልፏል፣ በሁለቱም ላፕቶፖች ተጭኗል ማለት ነው። «ጨርሻለሁ» የሚለውን ቃል አንድ ዓይነት ትርጉም መስጠታችን ብቻ ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርቶልናል።

ስያሜም የዚሁ አካል ነው። «ዳታ 2»፣ «ቴምፕ»፣ «ኤክስ» የሚሉ ስሞች ለጻፋቸው ሰው ለዛሬ ይገባሉ፤ ለሚቀጥለው ተረካቢ ግን እንቆቅልሽ ናቸው። «የመመለሻ ቀን» ብሎ መሰየም ጥቂት ፊደል ያስጨምራል፤ ከብዙ ጥያቄ ግን ያሳርፋል። ኮድ አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜ ይነበባል። እኛ ተመርቀን እንሄዳለን፤ ይህን መዝገብ ከእኛ በኋላ የሚረከቡ ልጆች አሉ፣ ለእነርሱ አደራ ነው።

ኤአይ የጻፈውን በተመለከተ

ዛሬ ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን የማይጠቀም የእኛ ክፍል ተማሪ ጥቂት ነው፤ እኛም እንጠቀማለን። ሕጋችን አጭር ነው፦ ማስረዳት የማንችለውን ኮድ አናስገባም። ለንባብ ያቀረበው ሰው «ይህ መስመር ምን ይሠራል?» ሲባል «ኤአይ ነው የሰጠኝ» ካለ፣ ተመልሶ አንብቦና ገብቶት ይመጣል። ነገ መጽሐፍ ያልመለሰች ተብላ የምትጠየቅ እህት ስትኖር ቻትጂፒቲ ሄዶ ይቅርታ አይጠይቃትም። ስማችን ያለበት ሥራ ኃላፊነቱ የእኛ ነው።

ከየት እንጀምር?

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጀመር አይቻልም፤ እኛም አልቻልንም። በዚህ ሴሚስተር የግሩፕ ፕሮጀክት ያላችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ብትይዙት እንመክራለን፦

በመጀመሪያው ሳምንት ጊት ጫኑና ፍላሽና «የመጨረሻ 2» የሚሉ ፎልደሮችን አቁሙ።
በሁለተኛው ሳምንት አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ምንም እንዳይገባ ተስማሙ።
በሦስተኛው ሳምንት ለተገኘው የመጀመሪያ ስህተት የመጀመሪያውን ቴስት ጻፉ።
በአራተኛው ሳምንት «አለቀ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በጋራ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ሥራው መጀመሪያ ላይ የዘገየ ይመስላል። እኛም «ጊዜ የለንም» ብለን ነበር። አንድን ስህተት ሁለት ጊዜ ለማረም፣ የጠፋ ፋይል ለመፈለግና ያስቀየምነውን ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ጊዜ አግኝተናል።

እህታችን በዚህ ሴሚስተር ተመልሳ መጣች። መጽሐፍ መርጣ መታወቂያዋን አቀረበች፤ ተረኛው ቁጥሩን አስገባ። እሷም ፈገግ ብላ «ስሜን በየትኛው ሀ ጻፋችሁት?» አለች። ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሮ «አንቺ በምትጽፊበት» አላት። ከ14 ቀን በፊት መለሰችው፤ መዝገቡም መለሰች አለ።

በጊት አጀማመር ላይ እርዳታ የምትፈልጉ ሁሉ በቤተ መጻሕፍቱ የተራ ሰዓታችን ላይ ብቅ በሉ፣ ኢንሻአላህ አብረን እንቀመጣለን። የኮዳችንን ስህተት የምታገኙም እንዲሁ ንገሩን፤ የሚያስደስተን እሱ ነው።